አየርላንድ በብሪታንያ አገዛዝ ሥር፦ ስለ መሬት፣ ስለ ረሃብና ስለ ነፃነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አየርላንድ ታሪክ የሚነሱ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በሁለት ነገሮች ዙሪያ ናቸው። አንዱ በ1840ዎቹ የደረሰው የድንች ረሃብ ነው፤ ሌላው በሰሜን አየርላንድ ሠላሳ ዓመት ያህል የዘለቀው ደም መፋሰስ ነው። ሁለቱንም ከሥራቸው ለመረዳት ግን ቀድሞ መነሳት ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ መሬቱ የማን ነበር? የሃይማኖቱም፣ የቋንቋውም፣ የምርጫውም ጠብ እዚህ ላይ ይገናኛል ብዬ አምናለሁ፤ መልሶቹም በዚሁ እምነት የተጻፉ ናቸው። ጭሰኛ፣ ባለርስት፣ ኪራይ፣ ማፈናቀል የሚሉት ቃላት ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻቸውም። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝ አየርላንድን የያዘችው መቼ ነው?

በአንድ ቀን የተፈጸመ ነገር አይደለም። የሌንስተር ንጉሥ የነበረው ዲያርማይት ማክ ሙርሃዳ ከዙፋኑ ተባርሮ ስለነበር፣ መንግሥቱን ለማስመለስ ከባሕር ማዶ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር የነበሩ የኖርማን ባላባቶችን ጠራ። በ1169 መጡ፤ ከዚያም ሳይመለሱ ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ራሱ ጦር ይዞ ተሻገረና የበላይነቱን አስታወቀ።

ሆኖም ከዚያ በኋላ ለበርካታ መቶ ዓመታት የእንግሊዝ ሥልጣን ጠንክሮ የሚሠራው በደብሊንና በዙሪያዋ ነበር። ብዙዎቹ ኖርማኖች የአገሬውን ቋንቋና ልማድ ወረሱ፤ በ1366 በኪልኬኒ የወጣው ሕግ ሰፋሪዎች የአይሪሽ ቋንቋ እንዳይናገሩና ከአገሬው ጋር እንዳይጋቡ የከለከለውም ለዚህ ነው። ሄንሪ ስምንተኛ በ1541 የአየርላንድ ንጉሥ ተባለ። ደሴቲቱ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝ እጅ የገባችው ግን የሰሜኑ ክፍለ አገር የአልስተር አለቃ ሂዩ ኦኒል ከረጅም ጦርነት በኋላ በ1603 እጁን ሲሰጥ ነው።

መሬቱ ከአገሬው እጅ የወጣው እንዴት ነው?

በሦስት ዙር ነው ማለት ይቻላል። በ1607 ኦኒልና ሌሎች የሰሜን መኳንንት በመርከብ ተሳፍረው ወደ አውሮፓ ሸሹ። ንጉሥ ጄምስ መሬታቸውን ወረሰና ከ1609 ጀምሮ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ለመጡ ፕሮቴስታንቶች ማከፋፈል ጀመረ። የለንደን የነጋዴ ማኅበራት ትልቅ ድርሻ ስለወሰዱ የዴሪ ከተማ ለንደንዴሪ ተባለች፤ በስሟ ላይ ዛሬም ስምምነት የለም።

በ1641 የተነጠቁት ተነሡ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች ሞቱ፤ ይህ ትዝታ በፕሮቴስታንቱ ማኅበረሰብ ዘንድ ለዘመናት አልጠፋም። በ1649 ኦሊቨር ክሮምዌል ጦሩን ይዞ መጣና ድሮይዳና ዌክስፎርድ ላይ የፈጀው ሕዝብ ደግሞ በካቶሊኩ ትዝታ ውስጥ ቀረ። የክሮምዌል ወታደሮች ደመወዛቸውን በመሬት ተቀበሉ፤ ለዘመቻው ያበደሩ ነጋዴዎችም እንዲሁ። ካቶሊክ ባለርስቶች ከሻነን ወንዝ ማዶ ወዳለው ድንጋያማው ኮናክት እንዲሄዱ ታዘዙ። ሦስተኛው ዙር ካቶሊኩ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ በ1690 በቦይን ወንዝ ዳር ከተሸነፈ በኋላ የተደረገው ውርስ ነው።

በ1641 ካቶሊኮች ከመሬቱ ወደ 60 በመቶ ገደማ ይዘው ነበር። በ1703 የቀራቸው 14 በመቶ ያህል ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ገበሬው በአብዛኛው ከቦታው አልተነቀለም። የተነቀለው ባለርስቱ ነው። ገበሬው በአያቶቹ እርሻ ላይ ሳለ ጌታው ተቀየረበት፤ አዲሱ ጌታ ደግሞ በቋንቋም በሃይማኖትም የማይመስለው ሰው ነበር።

የቅጣት ሕጎች የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ከ1695 ጀምሮ በተከታታይ የወጡ፣ ካቶሊኮችን ከሥልጣንና ከሀብት ለማራቅ የታሰቡ ሕጎች ናቸው። ካቶሊክ መሬት መግዛት አይችልም፤ ከ31 ዓመት ለበለጠ ጊዜም መከራየት አይችልም። ፓርላማ አይገባም፤ ከ1728 ጀምሮ ደግሞ መምረጥም ተከለከለ። ጦር መሣሪያ አይይዝም። 5 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ፈረስ እንኳ ሊኖረው አይገባም ነበር።

ከሁሉም የከፋው በ1704 የወጣው የውርስ ሕግ ይመስለኛል። ካቶሊክ ባለርስት ሲሞት መሬቱ ለወንዶች ልጆቹ እኩል ይከፋፈላል፤ በኩሩ ፕሮቴስታንት ወደ ሆነው የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ከገባ ግን ሁሉንም ብቻውን ይወስዳል። ሕጉ ወንድምን ከወንድም የሚያጣላ፣ ቤተሰብን ከውስጥ የሚያፈርስ ነበር። በዚህ ላይ ካቶሊኩ ገበሬ ለማያምንበት ቤተ ክርስቲያን አሥራት መክፈል ነበረበት። ትምህርት ቤት ሲከለከል መምህራን በቁጥቋጦ አጥር ሥርና በጎተራ ውስጥ ተደብቀው ልጆችን ያስተምሩ ነበር።

አብዛኞቹ ሕጎች በ1700ዎቹ መጨረሻ ተነሥተዋል። መሬቱ ግን አልተመለሰም።

ነገሩ በካቶሊክና በፕሮቴስታንት መካከል ብቻ የተደረገ ጠብ ነው?

አይደለም። የአየርላንድን ሪፐብሊካዊ እንቅስቃሴ የመሠረቱት አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በ1791 ቤልፋስት ውስጥ የተባበሩት አየርላንዳውያን ማኅበር ሲቋቋም ከዋና አንቀሳቃሾቹ አንዱ ወልፍ ቶን ፕሮቴስታንት የሕግ ሰው ነበር፤ አብረውት የነበሩት የቤልፋስት ነጋዴዎች ደግሞ ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉ፣ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆኑ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። እነርሱም ቢሆኑ በቅጣት ሕጎቹ መገለል ደርሶባቸዋል። የፈረንሳይ አብዮት አነሣሥቷቸው በ1798 ያስነሡት አመፅ በደም ተደመሰሰ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ10 ሺህ እስከ 30 ሺህ ይገመታል። ለንደን ከዚህ በመነሣት የደብሊንን ፓርላማ ዘጋች፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ጀምሮ አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር በአንድ መንግሥት ተጠቃለለች።

ዳንኤል ኦኮኔል ማን ነበር?

ጠመንጃ ሳያነሣ ሚሊዮኖችን ያንቀሳቀሰ የኬሪ ጠበቃ ነው። በ1823 የካቶሊክ ማኅበርን አቋቋመ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ድሃው በወር አንድ ፔኒ እየከፈለ አባል እንዲሆን አደረገ። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በየቤተ ክርስቲያኑ በር ነበር፤ ኪራይ ከመክፈል በቀር ከፖለቲካ ጋር የማይገናኘው ገበሬ በዚህች ሳንቲም የማኅበር አባል ሆነ። በ1828 ኦኮኔል በክሌር አውራጃ ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ካቶሊክ በመሆኑ ግን ፓርላማ መግባት አይችልም። የለንደን መንግሥት አመፅ ስለፈራ በ1829 ሕጉን ቀየረ።

ድሉ ዋጋ ነበረው። በዚያው ጊዜ የመራጭነት መስፈርቱ ከ40 ሽልንግ (2 ፓውንድ) ወደ 10 ፓውንድ ከፍ ተደርጎ፣ ኦኮኔልን የመረጡት ድሃ ባለይዞታዎች ድምፃቸውን አጡ። ይህን ሳልጠቅስ የኦኮኔልን ድል ማወደስ አልችልም።

ጭሰኛው እንዴት ይኖር ነበር?

ከላይ ባለርስቱ አለ፤ ብዙ ጊዜ ለንደን ወይም ደብሊን ይኖራል፤ ርስቱን የሚያስተዳድረው ወኪሉ ነው። ከሥሩ መሬቱን በጅምላ ተከራይቶ እየቆራረጠ የሚያከራይ ደላላ ባለይዞታ ይኖራል። ከእርሱ ሥር ገበሬው፣ ከገበሬው ሥር ደግሞ ጎጆና ቁራሽ መሬት አግኝቶ በጉልበቱ የሚከፍለው ድሃ አለ። ከዚህም በታች ለአንድ የድንች ወቅት ብቻ መሬት የሚከራይ የቀን ሠራተኛ ነበር።

አብዛኛው ጭሰኛ ዋስትና አልነበረውም። ቤቱን ቢያድስ፣ ረግረጉን ቢያጠፈጥፍ፣ ድንጋዩን ቢለቅም የመሬቱ ዋጋ ስለሚጨምር ኪራዩ ሊጨመርበት ይችላል። በአልስተር ልማዱ ትንሽ ይሻል ነበር፤ ኪራዩን የከፈለ ጭሰኛ አይነቀልም፣ ሲለቅም ይዞታውን ለተተኪው መሸጥ ይችላል።

ስንዴው፣ አጃው፣ ቅቤውና አሳማው ለኪራይ ይሸጣል። የሚበላው ድንች ነው። ድንቹ በትልቅ የብረት ድስት ይቀቀላል፤ ውሃው ተጠንፍፎ በጠፍጣፋ ቅርጫት ላይ ይዘረገፋል፤ ቤተሰቡ ዙሪያውን ከቦ በእጁ እየላጠ በጨውና በአሬራ ይበላል። አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ በቀን 5 ኪሎ ያህል ይበላ ነበር። ድንችና አሬራ በቂ ምግብ ነው፤ የአየርላንድ ድሃ ልብሱ ቡትቶ ቢሆንም አካሉ ጠንካራ እንደነበር የጊዜው ተጓዦች መስክረዋል። ክፉው ነገር ድንች እንደ እህል ከዓመት ዓመት አለመቀመጡ ነው። አሮጌው አልቆ አዲሱ እስኪደርስ፣ በተለይ በጁንና በጁላይ፣ ድሃው በየዓመቱ ይራብ ነበር።

ታላቁ ረሃብ የተፈጥሮ አደጋ ነበር ወይስ የመንግሥት ጥፋት?

በሽታው የተፈጥሮ ነው። በ1845 መከር ላይ ከአሜሪካ አህጉር እንደመጣ የሚታመን የድንች በሽታ ደሴቲቱ ላይ ደረሰ። ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳው በሙሉ ይጠቁራል፤ ከመሬት የሚወጣው ድንች ይሸታል፣ በእጅ ላይ ይፈራርሳል። በዚያ ዓመት የጠፋው የምርቱ ከፊል ነው። በ1846 ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ጠፋ። በሽታው ቤልጅየምንና ኔዘርላንድስንም መትቷል። በዚያ መጠን ሰው ያለቀው ግን አየርላንድ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ከበሽታው አልፎ መፈለግ አለበት።

የመጀመሪያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል በ100 ሺህ ፓውንድ ከአሜሪካ በቆሎ አስገዛ፤ በዚያ ዓመት በረሃብ የሞተው ሰው ጥቂት ነው። በ1846 ሥልጣን የያዘው የጆን ረስል መንግሥት ግን በገበያ ጣልቃ መግባት ነውር ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። የግምጃ ቤቱ ዋና ሹም ቻርልስ ትሬቨልያን መከራውን አምላክ የአየርላንድን ኑሮ ለማረም ያመጣው አድርጎ ያይ ነበር።

እርዳታው በሥራ እንዲሆን ተወሰነ። በ1847 መጀመሪያ ወራት ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች፣ ሴቶችና ልጆች ጭምር፣ በብርድ ድንጋይ እየፈለጡ መንገድ ይሠሩ ነበር፤ አንዳንዶቹ መንገዶች የትም አይደርሱም። የሚከፈላቸው ዕለታዊ ገንዘብ ከእህሉ ዋጋ ጋር ስላልተመጣጠነ በሥራ ላይ ሳሉ የሚወድቁ ብዙ ነበሩ። ከዚያ መንግሥት አሠራሩን ለወጠና የሾርባ ማዕከላት ከፈተ። በ1847 ጁላይ በቀን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ይመገብ ነበር፤ ለጥቂት ወራት የሟቹ ቁጥር ቀነሰ። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ መንግሥት ሕዝቡን መመገብ እንደሚችል በተግባር አሳየ፤ መከሩ ሲደርስም ማዕከላቱን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ሸክሙ በአየርላንድ ግብር ከፋይ ላይ እንዲሆን ተደረገ፤ የተራበው ሰው በየአካባቢው ባለው የድሆች ማጎሪያ እንዲጠጋ ታዘዘ። በዚያ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተለይቶ ያድራል። ከረሃቡ ይልቅ ብዙ ሰው የፈጀው በእነዚህ ቤቶችና በየመንገዱ የተዛመተው ተስቦና ተቅማጥ ነው።

የመሬቱ ጉዳይ እዚህም ይገባል። በ1847 የወጣ አንድ አንቀጽ ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ሰው እርዳታ እንዳያገኝ ከለከለ፤ ሩብ ኤከር ከ1000 ካሬ ሜትር በጥቂቱ የሚበልጥ ቦታ ነው። ሰውየው ወይ መሬቱን ለባለርስቱ ይለቃል፣ ወይ ከልጆቹ ጋር ይራባል። ግምታቸው ከ4 ፓውንድ በታች በሆኑ ይዞታዎች ላይ ያለውን የድሆች ግብር የሚከፍለው ደግሞ ባለርስቱ ስለነበር፣ ትናንሾቹን ጭሰኞች ማባረር ለእርሱ ትርፍ ሆነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ተመልሰው እንዳይገቡም የጎጆው ጣሪያ በፊታቸው ይፈርስ ነበር።

እህል ወደ ውጭ ይላክ ነበር የሚባለው እውነት ነው። አጃ፣ ቅቤና የቁም ከብት በወታደር እየታጀበ ከወደቦች ይወጣ ነበር። በ1847 ከወጣው ይልቅ የገባው እህል እንደሚበልጥ መጨመር ተገቢ ነው፤ ግን የገባው በቆሎ የሚሸጥ ነበር፣ ድሃው ደግሞ መግዣ አልነበረውም። የለንደን ግምጃ ቤት በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለረሃቡ ያወጣው ገንዘብ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ አይበልጥም፤ ከፊሉም ብድር ነበር። ይኸው መንግሥት በ1830ዎቹ ባርነት ሲሻር ለባሪያ አሳዳሪዎች ካሣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ መድቧል።

በ1841 ቆጠራ የሕዝቡ ቁጥር 8.2 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወረደ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰዷል።

ታዲያ የዘር ማጥፋት ነበር ሊባል ይችላል?

አብዛኞቹ የታሪክ ምሁራን ቃሉን አይቀበሉትም፤ መንግሥት ሕዝቡን ለመፍጀት አስቦ እንደተነሣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም ይላሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ይህ ማለት ግን ጥፋተኛ የለም ማለት አይደለም። በንድፈ ሐሳብ ታውሮ ሕዝብ ሲያልቅ ማየት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ትክክለኛ ስም ሳያገኝ ቢቀርም ክብደቱ አይቀንስም። በ1997 በጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ስም የወጣ መግለጫ በጊዜው ለንደን የነበሩ ገዥዎች ሕዝቡን ሳይታደጉት እንደቀሩ አምኗል።

ከውጭ የረዳቸው አልነበረም?

ነበር። ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ማኅበር ሃይማኖት ሳይለይ ሾርባ ቤት ከፈተ። የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱልመጂድ 1000 ፓውንድ ላከ። ከሁሉም ልብ የሚነካው የቾክታው ሕዝብ ስጦታ ነው። እነዚህ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከአገራቸው በግድ ተነቅለው በየመንገዱ እየሞቱ ከተሰደዱ ገና 16 ዓመታቸው ነበር። በ1847 ከድህነታቸው 170 ዶላር አዋጥተው ሰጡ። በኮርክ አውራጃ ሚድልተን ከተማ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል።

ስደቱ ከረሃቡ በኋላ ለምን አልቆመም?

መሬቱን እየቆራረጡ ለልጆች ማካፈል ስለቀረ ነው። አንዱ ልጅ ይወርሳል፣ አንዷ ሴት ልጅ ጥሎሽ አግኝታ ትዳራለች፣ የቀሩት ቦስተን፣ ኒው ዮርክ፣ ሊቨርፑል ይሄዳሉ። ከሚሄደው ልጅ ጋር ቤተሰብና ጎረቤት ሌሊቱን በለቅሶና በዘፈን ያድር ነበር፤ ሥርዓቱ ለሞተ ሰው የሚደረገው ነው፤ ተመልሶ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ስላልነበረ። ከአሜሪካ የሚላከው ገንዘብ ደግሞ ኪራይ ይከፍላል፣ የቀጣዩንም ልጅ የመርከብ ትኬት ይገዛል። የዛሬዋ ሪፐብሊክ ሕዝብ እስከ 1961 ድረስ እየቀነሰ ሄዶ 2.8 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። የመላ ደሴቲቱ ሕዝብ ዛሬም በ1841 የነበረውን ያህል አልሆነም።

ጭሰኛው በመጨረሻ መሬቱን ያገኘው እንዴት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ማይክል ዴቪትን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1846 ማዮ አውራጃ ተወለደ። ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ከመሬቱ ተፈናቅሎ እንግሊዝ ላንካሻየር ገባ። በ11 ዓመቱ በጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ቀኝ እጁን ቆረጠው። ጎልማሳ ሲሆን ለአመፀኞች መሣሪያ ሲያዘዋውር ተይዞ ሰባት ዓመት ታሰረ። ከእስር ሲወጣ ተራው ሰው ለነፃነት የሚነሣው የመሬት ጥያቄ ሲመለስለት ነው ብሎ ደምድሞ ነበር።

በ1879 ዝናብና መጥፎ መከር፣ እንዲሁም ርካሹ የአሜሪካ እህል የገበሬውን ገቢ ደቆሰው። ዴቪት በዚያው ዓመት የመሬት ሊግን መሠረተ፤ ፕሬዚዳንት ያደረገው ደግሞ ራሱ ፕሮቴስታንት ባለርስት የነበረውን የፓርላማ አባል ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔልን ነው። ፓርኔል በ1880 ኤኒስ ላይ ባደረገው ንግግር፣ የተባረረን ሰው እርሻ የሚከራይ ሰው በመንገድ፣ በሱቅ፣ በገበያ፣ በጸሎት ቤትም ጭምር ብቻውን እንዲቀር መከረ።

ምክሩ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የታየው በማዮ፣ በማስክ ሐይቅ ዳር ነው። በዚያ የሎርድ ኧርን ወኪል የሆነው ሻምበል ቻርልስ ቦይኮት ኪራይ ቀንሱልን ያሉትን ጭሰኞች ለማባረር ተነሣ። አጫጆቹ ሥራ አቆሙ፤ የቤት ሠራተኞቹ ወጡ፤ ባለሱቆች አልሸጥም አሉት፤ ልብስ የሚያጥብለት ጠፋ። አዝመራውን ለመሰብሰብ ከሰሜን አውራጃዎች 50 ያህል ፈቃደኛ ፕሮቴስታንቶች መጡ፤ እነርሱን ለመጠበቅ 1000 ገደማ ወታደርና ፖሊስ ሰፈረ። 500 ፓውንድ ያህል ለሚያወጣ ድንችና ሥራሥር ወደ 10 ሺህ ፓውንድ እንደወጣ ተገምቷል። ቦይኮት ከዚያ አገር ለቆ ሄደ፤ ስሙ ግን በብዙ ቋንቋዎች የአድማ መጠሪያ ሆነ።

ፓርኔልና ሌሎች መሪዎች በ1881 ሲታሰሩ ሥራውን ተረክበው ያስኬዱት ሴቶች ናቸው። የፓርኔል እኅት አና ፓርኔል የመራችው የሴቶች የመሬት ሊግ ለተፈናቀሉት መጠለያ ይሠራ፣ ለታሳሪዎች ቤተሰብ ገንዘብ ያደርስ ነበር። ወንዶቹ ከእስር ሲወጡ ሊጉን አፈረሱት። አና ይህን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ይቅር አላለችም፤ እውነትም ነበራት።

ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በ1881 ባወጡት ሕግ ተገቢ ኪራይ በፍርድ ቤት እንዲወሰን፣ ኪራዩን የከፈለ እንዳይነቀል፣ ይዞታውንም መሸጥ እንዲችል ፈቀዱ። ከዚያ የግዢ ሕጎች ተከተሉ። በ1903 የወጣው የዊንድሃም ሕግ መንግሥት ለባለርስቱ የመሬቱን ዋጋ ከነማበረታቻው ከፍሎ፣ ገበሬው ዕዳውን በ68 ዓመት ተኩል በትንሽ በትንሹ እንዲመልስ አደረገ፤ ዓመታዊ ክፍያው ከቀድሞው ኪራይ ያንስ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አብዛኛው ጭሰኛ የራሱ መሬት ባለቤት ለመሆን በቅቶ ነበር። መሬት ያልነበራቸው የቀን ሠራተኞች ግን ከዚህ ለውጥ ያገኙት እጅግ ትንሽ ነው፤ የተሰደዱትም በብዛት እነርሱ ናቸው።

የአይሪሽ ቋንቋ ለምን ተዳከመ?

ረሃቡ አብዝቶ የገደለውና ያሰደደው ቋንቋው የሚነገርበትን የምዕራቡን ድሃ ነው። ከ1831 ጀምሮ የተቋቋሙት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ወላጆችም ልጃቸው ወደ አሜሪካ እንደሚሄድ ስለሚያውቁ እንግሊዝኛ እንዲለምድ ይገፋፉ ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ ልጁ በአይሪሽ ቋንቋ በተናገረ ቁጥር በአንገቱ ላይ በተንጠለጠለ እንጨት ላይ ምልክት ይቆረጥና ማታ በቁጥሩ ልክ ይገረፋል። በ1893 ዳግላስ ሃይድና ባልደረቦቹ ቋንቋውን ለማስመለስ የጌሊክ ሊግን መሠረቱ። ሃይድ የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ ነው፤ በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኗል።

በ1916 ምን ሆነ?

አየርላንድ በለንደን ሥር ሆና የራሷ ፓርላማ እንዲኖራት የሚፈቅደው የራስ አስተዳደር ሕግ በ1886ና በ1893 ወድቆ፣ በ1914 ቢጸድቅም በጦርነቱ ምክንያት ታገደ። ኤፕሪል 24 ቀን 1916 በፋሲካ ማግሥት ፓትሪክ ፒርስና ጄምስ ኮኖሊ የሚመሯቸው ታጣቂዎች የደብሊንን ዋና ፖስታ ቤት ይዘው ሪፐብሊክ አወጁ። ውጊያው ስድስት ቀን ቆየ፤ ከ450 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ሲቪሎች ናቸው። በመጀመሪያ ብዙው የደብሊን ሰው በአማፂዎቹ ላይ ተቆጥቶ ነበር። ልቡን ያዞረው ግድያው ነው። በሜይ ወር 15 መሪዎች በተከታታይ ተረሸኑ፤ ቆስሎ መቆም ያልቻለው ኮኖሊ ወንበር ላይ ታስሮ ነበር። በ1918 ምርጫ የነፃነት ፓርቲው ሺን ፌን ከ105 መቀመጫዎች 73ቱን አሸነፈ፤ ለንደን አልሄድም ብሎ በጃንዋሪ 1919 ደብሊን ላይ የራሱን ፓርላማ ከፈተ።

ደሴቲቱ ለምን ለሁለት ተከፈለች?

የ1609ኙ ሰፈራ ልጅ ልጆች በሰሜን ምሥራቅ ብዙኃን ስለነበሩ ነው። ኑሯቸው ከብሪታንያ ገበያ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ የቤልፋስት የተልባ እግር ጨርቅና የመርከብ ግንባታ ከግዛተ መንግሥቱ ንግድ ውጭ አይታሰብም። በካቶሊክ በሚመራ ፓርላማ ሥር መውደቅን ፈሩ፤ በ1912 ግማሽ ሚሊዮን ያህል ወንዶችና ሴቶች ራስ አስተዳደርን እንቃወማለን ብለው ፈረሙ። በ1920 የወጣው ሕግ ከአልስተር ዘጠኝ አውራጃዎች ስድስቱን ለይቶ ሰሜን አየርላንድን ፈጠረ። ስድስት የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ በስድስቱ ፕሮቴስታንቶች ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናሉ፣ በዘጠኙ ግን ብልጫቸው ጠባብ ነበር።

ደቡቡ ከሽምቅ ጦርነት በኋላ በዲሴምበር 1921 በተፈረመው ስምምነት ነፃ ግዛት ሆነ። ለንጉሡ ታማኝነት መማልን በሚመለከተው አንቀጽ ላይ ግን የትናንት ጓዶች ተከፋፈሉ፤ የደብሊን ፓርላማ ስምምነቱን ያጸደቀው በ64 ለ57 ድምፅ ነው። በተከተለው የእርስ በርስ ጦርነት ስምምነቱን የፈረመው ማይክል ኮሊንስ በኦገስት 1922 በትውልድ አውራጃው በኮርክ ተገደለ። በሰሜን ካቶሊኩ በሥራ፣ በቤት ድልድልና በምርጫ ወሰን አድልዎ ሲደርስበት ኖረ፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998ቱ የዕለተ ስቅለት ስምምነት በነበረው ግጭት 3500 ያህል ሰዎች ሞቱ።

ከነፃነት በኋላ የመሬቱ ዕዳ ምን ሆነ?

ገበሬው በግዢ ሕጎቹ የተበደረውን ዓመታዊ ክፍያ አዲሱ መንግሥት ሰብስቦ ለለንደን ይልክ ነበር። ኢመን ዴ ቫሌራ በ1932 ሥልጣን ሲይዝ መላኩን አቆመ፤ ለዘመናት የተነጠቀ መሬት እንደገና መገዛት አልነበረበትም የሚለው ስሜት በሕዝቡ ዘንድ ሥር የሰደደ ነበር። ብሪታንያ በአየርላንድ ከብት ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች። ለስድስት ዓመት የዘለቀው የኢኮኖሚ ጦርነት በ1938 ያበቃው አየርላንድ በአንድ ጊዜ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ስትስማማ ነው።

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ አለ?

አለ። ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ዴ ቫሌራ በመንግሥታት ማኅበር ውስጥ ማዕቀቡን ደግፎ ቆመ። በአገር ቤት ጣሊያን ካቶሊክ ናት እያሉ የሚቃወሙት ነበሩ፤ አልተበገረም። ንጉሠ ነገሥቱ በጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ከተናገሩ ከሁለት ቀን በኋላ እርሱም ተነሥቶ የማኅበሩ አባላት የሚሰማቸውን ውርደት በግልጽ ተናገረ። ትንሽ አገር በትልቅ ስትዋጥ ዓለም ዝም ማለቱ ለእርሱ ከመጽሐፍ የተማረው ነገር አልነበረም።

በ1977 ዓ.ም. በእኛ ረሃብ ጊዜም አየርላንድ ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር እጅግ ብዙ ከሰጡት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ዓለም አቀፉን የሙዚቃ ዝግጅት ካስተባበሩት አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የደብሊን አካባቢ ልጅ ነው።

ሌላው ነጥብ የሐሳብ ዝምድና ነው። ዴቪት መሬቱ ለእያንዳንዱ ገበሬ ከመሸጥ ይልቅ የሕዝብ እንዲሆን ይሻ ነበር፤ የአየርላንድ ገበሬ ይህን አልተቀበለውም፣ የራሱን ካርታ ፈለገ። በኢትዮጵያ የመሬት ላራሹ ጥያቄ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ሲመለስ መሬቱ የሕዝብ ተባለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አጥንቶ መጻፍ ለእኛ ተመራማሪዎች የሚገባ ሥራ ነው።

የበለጠ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር?

ደብሊን የሚኖር ወይም የሚያልፍ ሰው ኮኖሊ የተረሸነበትን የኪልማይንሃም እስር ቤት ማየት ይችላል። በሮስኮመን አውራጃ ስትሮክስታውን የሚገኘው የረሃብ ሙዚየም የተቋቋመው በ1847 በተገደለው ባለርስት በዴኒስ ማሆን ቤት ነው፤ ጭሰኞቹ ለወኪሉ የጻፏቸው አቤቱታዎች እዚያ ተጠብቀዋል።

ርቆ ላለ አንባቢ ግን ግሪፊዝ የሚባለውን የመሬት ግምት መዝገብ እመክራለሁ። ከ1847 እስከ 1864 የታተመ ሲሆን በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ከማዮ አንድ ገጽ ከፍቶ መመልከት ይበቃል። በአንዱ ዓምድ የይዞተኛው ስም አለ፤ በሚቀጥለው የአከራዩ ስም፤ ከዚያ ቤት፣ እንደ በረትና ጎተራ ያሉ ተጨማሪ ቤቶችና መሬት የሚል መግለጫ፣ ስፋቱና ግምቱ። የይዞተኞቹ ስም በየመስመሩ ይለያያል። የአከራዩ ስም ግን አንዴ ከተጻፈ በኋላ ከሥሩ ያለው ሁሉ እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ «እንደ ላይኛው» የሚል ምልክት ብቻ ነው። በዚያው መዝገብ የአንድን መንደር ስም ይዞ የ1901ና የ1911ን የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች መፈለግ ይቻላል፤ እነርሱም በነፃ የተለቀቁ ናቸው፤ በየቤቱ ማን እንደነበረ፣ ማንበብ ይችል እንደሆነና የትኛውን ቋንቋ ይናገር እንደነበር ይነግራሉ።